የውድነሽ ስለት

ልጄ አራት ዓመት ሳይሞላት የሳንባ ምች ያዛትና አምስት ሌሊት ሆስፒታል አደርን። በሦስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ትኩሳቷ አልወርድ አለ። በተነፈሰች ቁጥር በጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ነርሷ መጥታ ኦክስጅኑን አስተካክላ ሄደች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ተሳልኩ። መጀመሪያ ጧፍ አልኩ። ከዚያ ዕጣን፣ ከዚያ ዣንጥላ። ትንሽ ቆይቼ ያም አነሰኝና ከራሴ ላይ ጨመርኩ፤ ጾም፣ በእግር ተጉዞ መሳለም። የራሴ ነገር ሲያልቅብኝ ወደ እሷ ተሻገርኩ። ገና ካልኖረችው ዕድሜዋ ላይ ቆርሼ፣ «ብቻ ትዳንልኝ እንጂ ስታድግ እንዲህ አደርጋታለሁ» ልል ስል አፌን የያዘችኝ ውድነሽ በጣሙ ናት።

ውድነሽ በሥጋ አልኖረችም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰው ናት፤ የበዛብህ እናት። መጽሐፉ እዚያው አጠገቤ፣ ከልጄ ፎጣና ከጭማቂ ጠርሙሱ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አስቤበት የያዝኩት አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ በታክሲ ሰልፍ፣ በምሳ ሰዓትና ልጄ ከተኛች በኋላ በምትተርፈኝ ግማሽ ሰዓት እየቆነጠርኩ ሳነበው ስለሰነበትኩ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ሐያስያን ብዙ ጽፈዋል። የፊውዳሉን ሥርዓት ስለ መተቸቱ፣ ስለ ቋንቋው ውበት፣ ስለ ጉዱ ካሳ አርቆ አሳቢነት የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ አልደግመውም። እኔ የምጽፈው በተቆራረጠ ጊዜ፣ በሥራና በሕመም መሃል፣ ልጅ ይዞ የሚነበብ የፍቅር ልብ ወለድ ምን እንደሚመስል ነው። እንዲያ ሲነበብ ይህ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ሆኖብኛልና።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ጊዜ ጀማሪ ጸሐፊ አልነበሩም፤ «ተረት ተረት የመሠረት»ን ካሳተሙ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። የጎጃም ካህን ልጅ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነት ትምህርት ተምረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው፣ ተማርከው፣ ሰባት ዓመት ያህል በጣሊያን ምድር እስረኛ ሆነው ከርመዋል። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። የዲማን የቅኔ ማኅበር፣ የተማሪውን ረኃብና የመምህሩን ቁጣ ሲጽፉ ከመጽሐፍ የለቀሙት አይደለም። በሕይወታቸው መጀመሪያ የኖሩትን በኋላ ከሩቅ አገርና ከቢሮ ሥራ መልስ ሆነው ያስታወሱት ነው። ይህ ርቀት ለመጽሐፉ ሁለት ነገር ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ናፍቆት ነው፤ ሜዳው፣ ጭሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሁሉ በናፍቆት የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ድፍረት ነው። ሰው የሚወደውን አገር እንዲህ አድርጎ የሚወቅሰው ወጣ ብሎ ካየው በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያነበብኩት አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። ያን ጊዜ በክፍላችን የፍቅር ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ መጨረሻው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእንባ ጠብታ የሚመስል ምልክት ይዞ ደረሰኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም የተቀበልኩት በዚያው ስሜት ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ዘልዬ ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ቸኮልኩ። የማንኩሳ ገበሬ፣ የመበለት ቤት፣ እርሻና ድግስ ምን ያደርግልኛል? የፈለግኩት የተከለከለውን ፍቅር ነበር። በዛብህና ሰብለ ፊደል ላይ አጎንብሰው እጅ ለእጅ የሚነካኩበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁ፤ አለቀስኩ፤ መጽሐፉን መለስኩ። አንብቤዋለሁ ብዬ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ በሰባተኛው ወር ደም ግፊቴ ከፍ አለና ሐኪሙ በግራ ጎኔ ተኝቼ እንድውል አዘዘኝ። ሥራ ቀረ፤ ቤት ውስጥ መንጎራደድ እንኳ ቀረ። መጽሐፍ ቀና አድርጎ መያዝ ሲደክመኝ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በስልኬ ከፈትኩ። እናቴ ይህን ትረካ በሬዲዮ ጊዜው ታውቀዋለች። «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ፕሮግራም ሲተላለፍ ዱቄቱን ትነፋበት የነበረውን ወንፊት አቁማ ታዳምጥ እንደነበር እሷው ነግራኛለች። አሁን በሩ ሥር ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔ ተኝቼ፣ አንድ ላይ አዳመጥነው። ወጋየሁ በአንድ ጉሮሮ የሰብለን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ጉራና የገበሬውን ለዘብተኛ ምላሽ ሲያመላልስ እናቴ ትስቃለች። ሰብለ ላይ ሲደርስ ግን አትስቅም፤ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ትረካው ሲያልቅ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «እኔ የማዝነው ለልጆቹ አይደለም፤ ለወለዷቸው ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሲጠብቅ ስለ ወለዱት ማሰብ አይሆንለትም።

ሦስተኛው ንባቤ በታክሲ የጀመርኩት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሳልዘል። እዚያ አሥረኛ ክፍል ሆኜ የረገጥኩት ሀብት ተቀምጦ አገኘሁት።

የመጽሐፉ የመጀመሪያው የፍቅር ታሪክ የበዛብህና የሰብለ አይደለም፤ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ነው። ውድነሽ ያገቧት ባሎች እየሞቱባት ሰው «ገፊ» ብሎ የሸሻት ሴት ናት። ቤት፣ ከብትና መሬት አላት፤ የሚያገባት ግን የለም። ቦጋለ በጉልበቱ የሚያድር ድሃ ነው። ሁለቱም የጉብዝና ዘመናቸውን አሳልፈዋል። በመካከላቸው የሚበቅለው ነገር ዘፈን የሚወጣለት ዓይነት አይደለም። አንዱ የሌላውን ሥራ ማየት፣ ማክበር፣ መፍራት፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ያለ እሱ ማደር አለመቻል ነው። ሰው ገፊ ያላትን ሴት ለማግባት የቆረጠ ወንድ ምን ዓይነት ልብ እንዳለው ሐዲስ አይሰብኩም፤ ሰውዬውን ሲሠራ እያሳዩን እኛው እንድናውቀው ይተዉናል። በአማርኛ ልብ ወለድ የትዳርን ፍቅር፣ ማለትም ጎተራ እየሞላ፣ ላም እየታለበ፣ ነገ የሚዘራው እየተመከረ የሚኖረውን ፍቅር እንዲህ በእርጋታ የጻፈ ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም። የፍቅር መጽሐፍ አንባቢዎች ይህን ምዕራፍ እንደ መግቢያ ቆጥረው ያልፉታል፤ ሐያስያንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ። ለእኔ የመጽሐፉ ምሰሶ እሱ ነው። ከሰባት ዓመት ትዳር በኋላ፣ ባልና ሚስት ስለ ፍቅር የሚነጋገሩት «ውኃ መጥቷል? ቀድተሻል?» በማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የቦጋለንና የውድነሽን ቤት ያውቀዋል።

ከዚያ ልጁ ይመጣል። በስተርጅና የተገኘ አንድ ልጅ። ሕመምም አብሮት ይመጣል። ወላጆቹም ከዳነላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ይሳላሉ፤ ሚስት ሳያገባ፣ በድንግልና፣ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል። ልጁ ይድናል። ስለቱም ይጸናል። በዛብህ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ሲገባ ከእሱ በፊት የገባ አንድ ቃል አለ፤ የእናቱ ቃል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የመታኝ ይህ ነው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስናወራ ሁለቱን የለያያቸው የፊታውራሪ ትዕቢት ነው እንላለን። የትውልድ ሐረግ፣ አጥንት ቆጠራ፣ «የማን ዘር ነው?» መባሉ። እውነት ነው፤ ሐዲስም በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ብዙ ገጽ አውለዋል። ነገር ግን በዛብህ ገና ከሰብለ ጋር ሳይተያይ ታስሯል። የታሰረው በጥላቻ ወይም በትዕቢት አይደለም፤ በፍቅር ነው፤ በአንዲት የደነገጠች እናት ፍቅር። መኳንንቱን የሚቃወም ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ጉዱ ካሳ በአፉ ይቃወማል፤ አበጀ በለው ገበሬዎቹን ይዞ በጉልበት ይቃወማል። የውድነሽን ስለት ግን ማን ተነሥቶ በቁጣ ሊቃወም ይችላል? ልጇ እየሞተባት ያለችን እናት «ምን ብለሽ ትሳያለሽ?» ብሎ የሚሞግት ማን ነው? ሐዲስ ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህም አይወነጅሏትም። ስለቱን በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በቀስታ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የፍቅር ገጽ በእሱ ላይ ይቆማል። በዛብህ ሰብለን በወደደ ቁጥር የሚከዳው እግዚአብሔርን ብቻ ሳይሆን ያቺን አልጋው ሥር የተንበረከከች እናቱን ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የበዛብህ ማመንታት አስቆጥቶኝ ነበር፤ ፈሪ መስሎኝ። አሁን ፈሪ አይመስለኝም። በሕይወቱ የተከፈለበትን ዋጋ የሚያውቅ ልጅ ነው።

በሌላኛው ቤት ደግሞ ሌላ ወላጅ አለ። በፊታውራሪ መሸሻ ሁላችንም እንስቅባቸዋለን። ልጃቸውን የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ አማጭ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ይሄዳል። አሁን ሳነብ ግን ሳቄ ቶሎ ይቆማል። እሳቸውም በራሳቸው ዓይን ለልጃቸው የሚሻለውን እየፈለጉ ነው። ትዕቢታቸውን ፍቅር አድርገው ያምኑታል፤ ከመጽሐፉ አስፈሪ ነገሮች አንዱ ይህ እምነታቸው ነው። ልጄን የትኛው ትምህርት ቤት ላስገባ ብዬ ስንት ወር እንደተጨነቅኩ፣ ከጭንቀቴ ውስጥ ስንቱ ለእሷ፣ ስንቱ ደግሞ «የእኔ ልጅ እዚያ ነው የምትማረው» ለማለት እንደነበር አሁን እጠይቃለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተው ይህን ጥያቄ በታክሲ ውስጥ ጠየቁኝ። ሐዲስ ሁለቱን ወላጆች፣ የገበሬዋን ስለትና የመኳንንቱን ኩራት፣ ጎን ለጎን ያቆሟቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። አንዷ ልጇን ለሰማይ ሰጠች፤ ሌላው ለዘር ሐረግ አስቀመጡ። ለልጆቹ ለራሳቸው የተረፈ ነገር የለም።

የተረፈው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የትምህርቱ ክፍል። የመጽሐፉን ምርጥ ገጾች ምረጪ ብባል እነዚያን እመርጣለሁ። በዛብህ ያስተምራል፣ ሰብለ ትማራለች፤ ፍቅሩ ከሥራው ውስጥ ይወጣል። የሚተያዩት ለመተያየት ተቀጣጥረው አይደለም፤ ንባቡ ስላለ፣ መጽሐፉ ስላለ፣ ነገም ትምህርት ስላለ ነው። ሐዲስ አይቸኩሉም። ዝምታ፣ የተሳሳተ ንባብ፣ መታረም፣ ቀና ማለት። በዚህ ላይ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ አሽከር ይገባል፣ እናት ትጣራለች። ፍቅራቸው ሁልጊዜ የሚቋረጥ ፍቅር ነው። ይህን ስጽፍ ልጄ ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች። እንዲህ ያለ ትዕይንት በተቋረጠ ንባብ ውስጥ የበለጠ ይገባል እንጂ አይጎዳም፤ እኔ ከገጹ ስነሣ እነሱም ከትምህርታቸው ይነሣሉ፤ ስመለስ እዚያው አሉ።

መጽሐፉ ግን በሁሉም ቦታ ለእንዲህ ያለ ንባብ አይመችም። የጉዱ ካሳ ንግግሮች ረጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ። ዘመድ ወዳጅ እብድ ያለው ሰው ከሁሉም አስተውሎ መናገሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ደራሲው ባሕርዩን ትተው የራሳቸውን አስተያየት በአፉ የሚያስቀምጡባቸው ገጾች አሉ። በታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል ክሩ ይጠፋብኛል፤ ስመለስም ጉዱ ካሳ ገና እዚያው ሐሳብ ላይ ነው። እነዚያው ንግግሮች በወጋየሁ ድምፅ ሲሰሙ ግን ድክመታቸው ይሸፈናል፤ ድምፁ ውስጥ ምሬት፣ ፌዝና ብቸኝነት ስላለ ሐሳቡ ሰው ይሆናል። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ሐዲስ መጽሐፋቸውን ለዓይን ቢጽፉትም የጆሮ ሰው ናቸው። የተረት አባት ናቸው። ጉዱ ካሳ በጽሑፍ ላይ መምህር ነው፤ በድምፅ ግን ቆስሎ የሚናገር ዘመድ።

ከዚህ የከበደው ቅሬታዬ በሰብለ ላይ ነው፤ ወይም ሰብለ በተጻፈችበት መንገድ ላይ። ብዙው መጽሐፍ ሰብለን ከውጭ ያያታል። ውበቷን፣ እንባዋን፣ ዝምታዋን እናውቃለን። ቀኗን ግን አናውቅም። ያ ሁሉ ዓመት፣ አማጭ እየተመለሰ፣ እኩዮቿ ወልደው ልጆቻቸው ሲያድጉ፣ ጠዋት ተነሥታ ማታ እስክትተኛ ምን ታስብ ነበር? ውድነሽን ስትሠራ አይተናታል፣ ስትፈራ አይተናታል፤ ሰብለን ግን ብዙ ጊዜ ስትወደድ ብቻ ነው የምናያት። ደራሲው ለመኳንንቱ ቤት ያላቸው ቁጣ ያቺን የታሰረች ልጅ ራሷን በዝርዝር እንዳያዩ ያደረጋቸው ይመስለኛል።

ይህ የሚቀየረው ከቤት ስትወጣ ነው። መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትሄድ ሰብለ ለመጀመሪያ ጊዜ እግር፣ ረኃብና ውሳኔ ያላት ሰው ትሆናለች። ያን ክፍል ያነበብኩት ልጄ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ ሶፋ ላይ እግሬ ላይ አስተኝቻት ነው። በተጓዘችበት መንገድ ሁሉ ከአባቷ ቤት ጌጥ አንዱን እያወለቀች የሄደች መሰለኝ። ያን ያህል ዓመት በሰው ምርጫ የኖረች ሴት፣ የራሷ ምርጫ የመጀመሪያው ቀን የድካም ቀን ሆነባት። ሐዲስ ይህን ሲጽፉ ለስላሳ አያደርጉትም፤ መንገዱ እሾህ አለው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የጎጃምን መንገድ በእግራቸው የሚያውቁ ሰው እንደጻፉት ያስታውቃል። ሰብለ እንዲህ ሆና ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ርዕሱም ይናገረዋል። በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ትመነኩሳለች፣ ትሞታለች፤ ጉዱ ካሳም ይከተላል፤ ሦስቱ አንድ መቃብር ውስጥ ያርፋሉ። በወጣትነቴ ከዚህ በላይ የሚያምር መጨረሻ የሚኖር አይመስለኝም ነበር። አሁን ትንሽ የተደረደረ ይመስለኛል። ሦስተኛው ሬሳ ለመጽሐፉ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ፍቅር፣ እምነትና አስተሳሰብ አብረው ተቀበሩ ለማለት። ለታሪኩ ግን የግድ አልነበረም። ጉዱ ካሳ በሕይወት ቢተርፍ፣ ያን ሁሉ የተናገረው ሰው ዝም ብሎ ሲያረጅ ብናየው፣ የበለጠ ባመመን ነበር። ይህን ስል ሰው ተቆጥቶኛል፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ቢሆንም የማምነው ይህንኑ ነው።

ባልደረባዬን ካነሣሁ አይቀር፣ የፍቅር ልብ ወለድ ሲባል በሥራ ቦታ የሚሰማውን ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ፣ «ባለትዳር ሆነሽ፣ ልጅ ይዘሽ፣ ገና ፍቅር ታነቢያለሽ?» የሚሉኝ አሉ። የሥራ ፈት ንባብ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ወረቀት አልነበረምና በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ። ነገ መኖሩን በማያውቅ ሰው መካከል፣ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ በዚያ ትጋት የተጻፈው የፍቅር ታሪክ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የፍቅር ልብ ወለድን የሥራ ፈት ነገር ሊለው አይችልም። ሰው በጭንቅ ውስጥ ሆኖ ስለ ፍቅር የሚያነበው ጭንቁን ለመርሳት ብቻ አይመስለኝም። እኔ በዚያች ሌሊት የረሳሁት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ውድነሽ ያስታወሰችኝ ከሁሉ ከባዱን ነው፤ ልጄን ለማትረፍ ስል ከልጄ ላይ ልወስድ የነበረውን።

ስለ መጽሐፉ አጻጻፍ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ቤቴ ውስጥ ክርክር አስነሥቷልና። ሐዲስ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሞክሼ ፊደላት በአንድ እንዲጠቃለሉ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ፤ በመጽሐፉ መግቢያ ላይም ሐሳባቸውን አስረድተዋል። ባለቤቴ የአብነት ትምህርት የቀመሰ ነውና ይህን አይወድላቸውም። ልጄ አሁን አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ፊደል እየለየች ነው። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉም ሀ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብላ ስትጠይቅ እኔና አባቷ ተያየን። የቅኔ ተማሪ የነበሩት ሐዲስ፣ የእያንዳንዱን ፊደል ታሪክ የሚያውቁት ሐዲስ፣ ለማን ብለው ይህን እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ለሚማር ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ የፍቅሩን ክፍል ከፊደል ክፍል ጋር አንድ ያደረጉት ሰው፣ ፊደሉን ለተማሪው ማቅለል መፈለጋቸው አይገርምም። በነገሩ አሁንም ከባለቤቴ ጋር አልተስማማንም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ መጽሐፉን ከጠረጴዛዬ አንሥታ አንድ ገጽ ገለጠችና በጣቷ እየጠቆመች ታነብ ጀመር። የምታውቃቸውን ፊደላት እየዘለለች ትይዛለች። አንድ ቃል ላይ ቆማ፣ «በ፣ ዛ፣ ብ፣ ህ» አለች። ከዚያ አያይዛ፣ «በዛብህ!»

«ማነው?» አለችኝ።

«ልጅ ነው» አልኳት። «ትንሽ ሳለ በጣም ታሞ ነበር። እናቱም በጣም ፈርታ ነበር።»

«እንደ እኔ?»

«እንደ አንቺ።»

«ዳነ?»

«ዳነ።»

ገጹን ገልጣ ሌላ የምታውቀው ፊደል መፈለግ ጀመረች። እኔ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የለመደብኝ ነው።